የሳይንስ ልቦለድ መጽሐፍና ፊልሙ ጎን ለጎን፦ የትኛው ቅጂ፣ የቱስ ይቅደም?

የሌሊት አንባቢ፦

ሰላም ወዳጆች። ስድስት ሆነን መጽሐፍና ፊልሙን ጎን ለጎን የምናይበት ፕሮግራም እያወጣን ነው፤ ለአንድ ጥንድ ሦስት ሳምንት መድበናል። እስካሁን የያዝነው የክላርክና የኩብሪክን «2001»፣ የፊሊፕ ኬ. ዲክን መጽሐፍ ከ«ብሌድ ረነር» ጋር፣ የሌምን «ሶላሪስ» ከታርኮቭስኪ ፊልም ጋር እና «ዱን»ን ነው። ለመክፈቻ ድምፅ አልባውን «ሜትሮፖሊስ» አስበናል።

ያልጠራልን ነገር አለ። ብሌድ ረነር 117፣ 116 እና 112 ደቂቃ የሚሉ ቅጂዎች አሉት፤ የተቆረጠው የትኛው ነው? ሶላሪስን በሁለት የእንግሊዝኛ ትርጉም አግኝተናል፤ በአንዱ የሴቲቱ ስም ሬያ ነው፣ በሌላው ሃሬይ። ለእያንዳንዱ ጥንድስ መጽሐፉ ይቅደም ወይስ ፊልሙ? የምናየው በ55 ኢንች ቴሌቪዥን፣ ከፍላሽ ነው። እንግሊዝኛ ለሚከብዳቸው ሁለት አባላት የአማርኛ ሰብታይትል ሠርተን ስንሞክረው ደግሞ በፊደል ፈንታ ባዶ ሳጥን ብቻ ይታያል። እባካችሁ የምታውቁትን አካፍሉን።

ቀመር፦

112 የሚለው አልተቆረጠም። ፊልም የሚቀረጸው በሰከንድ 24 ፍሬም ነው፤ ለአውሮፓ ቴሌቪዥን የወጡት የድሮ ዲቪዲዎች ግን በሰከንድ 25 ስለሚያስኬዱት ፊልሙ 4 በመቶ ያህል ይፈጥናል። 117ን በ24 አባዙና ለ25 አካፍሉት፤ 112 ይመጣል። አንድም ትዕይንት አልጎደለም፤ ድምፁ ግን ትንሽ ይቀጥናል፤ የቫንጌሊስን ሙዚቃ ለሚወድ ሰው ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም። ሌላ ካላችሁ እሱን ተዉት።

ዋናው ልዩነት ከደቂቃው ሳይሆን ከይዘቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ሲኒማ ቤት የገባው ቅጂ ላይ ስቱዲዮው የሃሪሰን ፎርድን ትረካ ጨመረበት፤ መጨረሻውንም በአረንጓዴ ተራራ መካከል በሚደረግ የመኪና ጉዞ አሳመረው። የ1992ቱ «ዳይሬክተርስ ከት» ሁለቱንም አውጥቶ ባለ አንድ ቀንዱን ፈረስ ሕልም አስገባ። የ2007ቱ «ፋይናል ከት» ደግሞ ሪድሊ ስኮት ሙሉ ሥልጣን ይዞ የጨረሰው ብቸኛው ቅጂ ነው። እናንተም እሱን እዩ።

የፋይል ስም አይታመንም፤ ስለዚህ በሁለት ቦታ አረጋግጡ። ገና መግቢያው ላይ ዋናው ገጸ ባሕርይ ዴካርድ ዝናብ ላይ ቆሞ ጋዜጣ ሲያነብ ሐሳቡን በትረካ ከሰማችሁ የያዛችሁት የ1982ቱን ነው። ትረካ ከሌለ ቀጥሎ አለቃው ብራያንት ስላመለጡት ሬፕሊካንቶች (ሰው መስለው የተሠሩ ፍጥረታት) ሲያስረዳ ጆሯችሁን ጣሉ። በድሮዎቹ ቅጂዎች ስድስት አመለጡ ይላል፣ አንዱ በኤሌክትሪክ ተቃጠለ ይላል፣ የሚታደኑት ግን አራት ናቸው፤ አምስተኛው የት እንደገባ ሳይታወቅ ቀረ። በፋይናል ከት ሁለት ተቃጠሉ ተብሎ ሒሳቡ ተስተካክሏል። ፊልሙን እስከ መጨረሻው ካያችሁት ደግሞ እርግቧን ተመልከቱ፤ በድሮው ሌሊትና ዝናብ ሆኖ ሳለ እርግቧ የምትበረው ወደ ሰማያዊ ሰማይ ነው፤ በአዲሱ ግን ሰማዩ ከቦታው ጋር ተስማምቷል።

ለዚህ ጥንድ ፊልሙ ይቅደም። መጽሐፉን ቀድሞ ያነበበ ሰው ፊልሙ ውስጥ የሌለውን ሲፈልግ ያመሻል፤ የዲክ ታሪክ ልቡ እንስሳ ነውና። ከጦርነት በኋላ እውነተኛ እንስሳ ብርቅ ሆኗል፤ ዴካርድ ጣሪያ ላይ የሚያቆየው በግ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው፣ ጎረቤት እንዳያውቅበት ይሳቀቃል፤ የሚያድነውም እውነተኛ እንስሳ የሚገዛበት ገንዘብ ለማግኘት ነው። ሚስትም አለችው። ሬፕሊካንት የሚለው ቃል በመጽሐፉ ጨርሶ የለም። አንድ ነገር ደግሞ አያደናግራችሁ፦ በመጀመሪያው የ1968 እትም ታሪኩ የሚካሄደው በ1992 ነው፤ በኋለኞቹ እትሞች 2021 ተብሏል። ስድስታችሁ የተለያየ እትም ከያዛችሁ በዓመቱ መከራከራችሁ አይቀርም።

ፀዳል፦

ሶላሪስን በተመለከተ፦ መጽሐፉ አንድ ነው፣ የመጣበት መንገድ ግን ሁለት ነው። ሌም በፖላንድኛ ያሳተመው በ1961 ነው። በ1964 ወደ ፈረንሳይኛ ተተረጎመ፤ በ1970 የወጣው እንግሊዝኛ ደግሞ የተተረጎመው ከፖላንድኛው ሳይሆን ከዚያ ፈረንሳይኛ ነው። ሌም ራሱ እንግሊዝኛ ያነብ ነበርና አልወደደውም። በቀጥታ ከፖላንድኛ የተተረጎመው የቢል ጆንስተን ሥራ በ2011 በድምፅ፣ ከዚያም በኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ወጣ። ስሞቹ ያጋልጣሉ፦ ሬያና ስኖው ካለ በፈረንሳይኛ በኩል የመጣው ነው፤ ሃሬይና ስናውት ካለ ቀጥተኛው ነው። ስድስታችሁም አንዱን ብቻ ያዙ፤ ከቻላችሁ የጆንስተንን።

እዚህ መጽሐፉ ይቅደም። ሌም ዋናውን ገጸ ባሕርይ ኬልቪንን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ሶላሪስ የተባለችው ፕላኔት ላይ ወዳለው የጠፈር ጣቢያ ይወረውረዋል፤ ታርኮቭስኪ ግን ከግማሽ ሰዓት በላይ ምድር ላይ፣ በአባቱ ቤትና በኩሬው ዳር ያቆየናል። ሁለቱም ያውቁበታል፣ የሚጠይቁት ጥያቄ ግን ለየቅል ነው። የሌም ጥያቄ «ጨርሶ የማንረዳው አእምሮ ቢገጥመንስ?» የሚል ነው፤ ታርኮቭስኪ የሚጠይቀው ስለ ጸጸትና ስለ ቤት ነው። ፊልሙን ቀድሞ ያየ ሰው መጽሐፉ ውስጥ ስለ ሶላሪስ ጥናት ታሪክ የሚያወሩትን ረጃጅም ክፍሎች፣ ፕላኔቷን የሸፈነው አሳቢ ውቅያኖስ የሚሠራቸውን ሚሞይድና ሲሜትሪያድ የሚባሉ ግዙፍ ቅርጾች፣ «ታሪኩን ያቋርጣሉ» ብሎ ይዘላቸዋል። አደራ፣ እንዳትዘሏቸው። ከመቶ ዓመት በላይ የሊቃውንት ትውልድ መላ ምት ሲደረድርና ሲፈርስበት የሚታየው እዚያ ነው፤ እነዚያ ገጾች ከሌሉ መጽሐፉ የፍቅር ታሪክ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

የ1972ቱ ፊልም 166 ደቂቃ ገደማ ነው፣ ራሱም በሁለት ክፍል የተሠራ ነው፤ ዕረፍት የምታደርጉት ሁለተኛው ክፍል ሲጀምር ይሁን። በመጀመሪያው ክፍል አንድ መኪና በዋሻና በድልድይ መንገድ ለአምስት ደቂቃ ያህል ዝም ብሎ ይሄዳል፤ የተቀረጸው ቶኪዮ ነው። ፋይሉ የተበላሸ መስሏችሁ እንዳታሳልፉት። የሶደርበርግ የ2002 ፊልም በ100 ደቂቃ ውስጥ ያልቃል፤ ጊዜ ከተረፋችሁ ለንጽጽር ይሆናል እንጂ ምትክ አይደለም።

የትርጉም ነገር ከተነሳ ስለ ዡል ቬርንም ልበል፤ ዝርዝራችሁ ሲሰፋ መግባቱ አይቀርምና። «ሃያ ሺህ ሊግ ከባሕር በታች» በነፃ ከሚገኙት የእንግሊዝኛ ቅጂዎች ብዙው የሉዊስ መርሲየር የ19ኛው ክፍለ ዘመን ትርጉም ነው። ከመጽሐፉ አንድ አምስተኛ ያህሉን ጥሎታል፣ ያላወቀውንም የሳይንስ ቃል አዛብቶታል። መፈተኛው ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ነው፦ ፕሮፌሰሩ የተመለሱት ከኔብራስካ «ደስ የማይል ግዛት» ነው የሚል ካገኛችሁ ዝጉት፤ ቬርን የጻፈው ባድላንድስ ተብሎ ስለሚታወቀው በጎርፍ ስለተቦረቦረ ምድር ነው። ፕሮጀክት ጉተንበርግ ላይ የኤፍ. ፒ. ዋልተር ሙሉ ትርጉምም በነፃ አለ። ቬርን የልጆች ጸሐፊ ተብሎ የቀረው ባብዛኛው በእንደዚህ ዓይነት ትርጉም ምክንያት ነው፤ ያሳዝናል።

ሰማያዊ ፈረስ፦

ስለ 2001 ባጭሩ። ፊልሙ ይቅደም፣ ሳትጠራጠሩ። መጽሐፉ የፊልሙ ምንጭ አይደለም፤ ክላርክና ኩብሪክ ታሪኩን አብረው እያበጁ ጎን ለጎን ነው የተሠሩት፣ መጽሐፉ የወጣውም ፊልሙ በ1968 ከታየ በኋላ ነው። ኩብሪክ ዝም ያለውን ሁሉ ክላርክ ያብራራል፦ ሃል የተባለው ኮምፒውተር ለምን እንደተሳሳተ (እውነት እንዲናገር ተሠርቶ ምስጢር እንዲደብቅ ታዘዘ)፣ በታሪኩ ደጋግሞ የሚታየው ጥቁር ድንጋይ የጎኖቹ ልኬት በ1፣ 4፣ 9 ንጽጽር መሆኑን፣ መጨረሻው ምን ማለት እንደሆነ። ማብራሪያውን ቀድሞ የሰማ ሰው ፊልሙን እንደ መልስ ማረጋገጫ ነው የሚያየው። የጠፈር መርከቧም በመጽሐፉ የምታመራው ወደ ሳተርን ነው፤ በፊልሙ ወደ ጁፒተር።

ሙሉው ቅጂ ሲጀምር ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ሙዚቃ ብቻ ለሁለት ሦስት ደቂቃ ይሰማል። አልተበላሸም፤ ሲኒማ ቤት ሰው ቦታ ቦታውን እስኪይዝ ነበር። መብራት አጥፉና አዳምጡት። የመጀመሪያው ንግግር የሚሰማው 25ኛው ደቂቃ አካባቢ ስለሆነ ድምፁን ያኔ አስተካክላለሁ አትበሉ፤ አስቀድማችሁ በመግቢያው ሙዚቃ ለኩት፤ ከሱ በኋላ አትንኩት። በጠፈር ያለው ትንፋሽና ጸጥታ ሆን ተብሎ የተመጠነ ነው።

ጠጋኝ፦

ወንድሜ፣ ሳጥን የሚታየው ቴሌቪዥኑ የግዕዝ ፊደል ስለሌለው ነው። አብዛኞቹ ቴሌቪዥኖች ከፍላሽ ሲያጫውቱ ፎንት የሚመርጡበት ቦታ የላቸውም፤ ስለዚህ ሰብታይትሉን እዚያ ማስተካከል ከንቱ ድካም ነው። መውጫው ሁለት ነው። ቀላሉ ላፕቶፕ በኤችዲኤምአይ ገመድ ማገናኘትና በቪኤልሲ ማጫወት ነው፤ በምርጫው ውስጥ ሰብታይትል የሚለው ገጽ ላይ ፎንቱን ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ አድርጉ፣ የጽሑፍ ኢንኮዲንጉንም ዩቲኤፍ-8። ሳጥን ከታየ ችግሩ የፎንት ነው፤ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ከታየ ግን ኢንኮዲንግ ነው፤ ፋይሉን በኖትፓድ ከፍታችሁ እንደገና ዩቲኤፍ-8 ብላችሁ አስቀምጡት። ሁለተኛው መንገድ ሃንድብሬክ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ጽሑፉን ከምስሉ ጋር አዋህዶ መቅዳት ነው። ያኔ ጽሑፉ የምስሉ አካል ስለሚሆን የትኛውም ቴሌቪዥን ያሳየዋል። ግን ሰዓታት ይፈጃል፣ የፊደል ግድፈትም ካለ እንደገና መቅዳት ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ አምስት ደቂቃ ብቻ ቀድታችሁ ሞክሩ።

ጽሑፉ ከንግግሩ ሲቀድም ወይም ሲዘገይ ሁለት ዓይነት ሕመም አለ፣ መድኃኒታቸውም አንድ አይደለም። 10ኛው ደቂቃ ላይና 60ኛው ደቂቃ ላይ ለኩ። በሁለቱም ቦታ መዛነፉ እኩል ከሆነ፣ ለምሳሌ 3 ሰከንድ፣ ቪኤልሲ ላይ ጂ እና ኤች ቁልፎች በ50 ሚሊሰከንድ እያንቀሳቀሱ ያቀኑታል። 10ኛው ደቂቃ ላይ 25 ሰከንድ፣ 60ኛው ላይ ወደ ሁለት ደቂቃ ተኩል እየቀደመ ከሄደ ግን ጽሑፉ የተሠራው ቀመር ለገለጸው ባለ 25 ፍሬም ቅጂ ነው፤ በቁልፍ አይቀናም። ሰብታይትል ኤዲት በሚባለው ፕሮግራም የፍሬም ፍጥነት መቀየሪያውን ከፍታችሁ ከ25 ወደ 23.976 ለውጡት፤ ባንዴ ይስተካከላል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የቴሌቪዥኑን ሴቲንግ ክፈቱ። አዲስ ቴሌቪዥን በ24ቱ ፍሬም መካከል የራሱን ሰው ሠራሽ ፍሬም ይሞላል፤ ያኔ ፊልሙ ሁሉ ስቱዲዮ ውስጥ የተቀረጸ የቴሌቪዥን ድራማ ይመስላል። ሳምሰንግ ላይ ፒክቸር ክላሪቲ፣ ኤልጂ ላይ ትሩሞሽን፣ ሶኒ ላይ ሞሽንፍሎው ይባላል፤ አጥፉት። ፊልምሜከር ሞድ የሚል ካለ እሱን መምረጥ ብቻ ይበቃል። በብሌድ ረነር የሚበሩት መኪኖችና ሕንጻዎች በእጅ የተሠሩ ሞዴሎች ናቸው፤ ይህ ነገር በርቶ ካያችኋቸው ከተማው መጫወቻ ሆኖ ይታያል። የድሮ ፊልም «ያስቃል» ከሚሉት ሰዎች ብዙዎቹ ያዩት እንዲህ ነው ብዬ አምናለሁ። ከላይና ከታች ያለውን ጥቁር ክፍልም በዙም አትሙሉት፤ ዙም የሚሞላው ግራና ቀኙን ቆርጦ ነው።

ፀዳል፦

ጠጋኝ ስለ ሰብታይትል ካነሳ፣ ትርጉሙን ለምትሠሩት አንድ ነገር ልጨምር። ዴካርድ ሬፕሊካንቷን ሬቸልን ከመረመረ በኋላ ሠሪዋን ታይሬልን ስለሷ ሲጠይቀው እንግሊዝኛው «እሷ» አይልም፤ ለዕቃ የሚባለውን ተውላጠ ስም ነው የሚጠቀመው። የትዕይንቱ ጭካኔ ያለው እዚያች ቃል ላይ ነው። አማርኛ ግን ሰውም ዕቃም እሱ ወይም እሷ ነው። «ምን እንደሆነች እንዴት አታውቅም?» ካላችሁ ዴካርድ ገና ከአሁኑ እንደ ሰው ቆጥሯታል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ለውጡ ሁሉ ይባክናል። «ይህ ነገር ምን እንደሆነ እንዴት አያውቅም?» በሉት። ከዚያ በኋላ «እሷ» የሚልበትን ቦታ ጠብቁና ያኔ ብቻ ለውጡት፤ ተመልካቹ ሳይነገረው ይሰማዋል።

2001 ላይም ሃል ሰዎቹን በስማቸው እየጠራ በጣም በትሕትና ነው የሚያናግራቸው። «እርስዎ» ብታደርጉት ከባዶ ስም ጋር አይሄድም፤ «አንተ» አድርጉትና ትሕትናውን በ«እባክህ»ና በ«ይቅርታ» ተሸከሙት። ሲቆጣም ሲለምንም ቋንቋው አይለወጥ፤ የሚያስፈራው እሱ ነው። ከሁለት መስመር አትለፉ፤ የአማርኛ ግሥ ብቻውን ግማሽ መስመር ይወስዳልና ሐረጉን ከማጨቅ ይልቅ ቁረጡት።

ኮከብ ቆጣሪ፦

በሜትሮፖሊስ መክፈታችሁ አይመቸኝም። ፊልሙ ታላቅ ነው፤ ግን ድምፅ አልባ ፊልም ላልለመደ ቡድን ለሁለት ሰዓት ተኩል ጽሑፍ እያነበቡ መቀመጥ ከባድ መግቢያ ነው። ሦስተኛ ወይም አራተኛ አድርጉት። ስታዩት ግን የ2010ሩን እድሳት ብቻ። ፊልሙ በጥር 1927 በርሊን ላይ ከታየ በኋላ ተቆራርጦ ነበር የተሠራጨው፤ በአሜሪካ ቅጂ ሄል የተባለችው የሞተች ሴት ጭራሽ ወጣች፣ ስሟ በእንግሊዝኛ ሲኦልን ይመስላል ተብሎ። ሮትዋንግ ሮቦቷን የሚሠራው ግን በሄል ፍቅርና ቂም ነው፤ እሷ ስትወጣ እሱ ያለምክንያት ያበደ ሰው ሆነ። በ2008 ቦነስ አይረስ በሚገኝ የፊልም ሙዚየም ሙሉ ሊባል የሚችል 16 ሚሊሜትር ቅጂ ተገኘና 25 ደቂቃ ያህል ተመለሰ። የተመለሱትን ክፍሎች በጭረታቸው ታውቋቸዋላችሁ፤ ዝናብ የሚዘንብባቸው ይመስላሉ፣ ክፈፋቸውም አነስ ይላል። ያንን ጭረት እንደ ጉድለት አትዩት፤ ሰማንያ ዓመት የጠፋው ነገር እሱ ነው። 80 ደቂቃ ገደማ የሆነና የ1980ዎቹ ዘፈን ያለበት ካገኛችሁ የጆርጆ ሞሮደር የ1984 ቅጂ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አይሆንም።

ዱን ላይ ደግሞ መጽሐፍና ፊልም አፈራርቁ። የኸርበርት የ1965 መጽሐፍ የመጀመሪያዎቹን መቶ ገጾች የማያስጨርሰው የቃላቱ ብዛት ነው። መጨረሻው ላይ መዝገበ ቃላት አለ፤ አንድ ዕልባት እዚያ ይቀመጥ። ዋናው ገጸ ባሕርይ ፖል ከጃሚስ ጋር እስከሚዋጋበት ድረስ አንብቡና አቁሙ፤ የቪልነቭ የ2021 ፊልም (155 ደቂቃ) የሚያልቀው እዚያው አካባቢ ነው። ቀሪውን ጨርሳችሁ የ2024ቱን እዩ። በመጽሐፉ መካከል ዓመታት አልፈው የፖል እህት ተወልዳ ትናገራለች፤ በፊልሙ ግን ገና በእናቷ ማህፀን ናት። መነጋገሪያ ይሆናችኋል። የዴቪድ ሊንች የ1984 ፊልም 137 ደቂቃ ነው፤ ሦስት ሰዓት የሚጠጋውን የቴሌቪዥን ቅጂ የዳይሬክተሩ ነው ብላችሁ አትያዙት፣ ሊንች ስሙን ያስወጣበት ነው።

ስሞቹ ለእኛ እንግዳ አይደሉም። የበረሃው ሕዝብ ፍሬመኖቹ ፖልን ማህዲ ሲሉት፣ አፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ የወደቁት ከማህዲው ተከታዮች፣ ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ መሆኑን የሚያውቅ አንባቢ፣ የነቢይ ስም ጦር ሲያሰልፍ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ይገባዋል። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ደግሞ ክዊሳትስ ሃደራክ የሚለውን፣ በመጽሐፉ ለሚጠበቀው ሰው የተሰጠውን ማዕረግ፣ ከዕብራይስጡ «መንገድ ማሳጠር» ያውቁታል።

ለመክፈቻ የእኔ ምርጫ «ክራምብስ» ነው። የ2015 ፊልም ነው፣ 68 ደቂቃ፣ ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ኢትዮጵያ ውስጥ የቀረጸው፤ ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ የሚተውኑበት፣ ንግግሩ አማርኛ። ሥልጣኔ ከፈረሰ በኋላ የፕላስቲክ መጫወቻ እንደ ቅርስ ይሸጣል፣ ሰማይ ላይ የዛገ መርከብ ቆሟል። መጽሐፍ የለውም፤ ግን ሰብታይትል ሳያስቸግራችሁ ማታውን ይዛችሁ ትጀምራላችሁ።

የሌሊት አንባቢ፦

እግዜር ይስጥልኝ። ብራያንት ያለበትን ቦታ ከፍተን አየን፤ አንዱ ተቃጠለ ነው የሚለው፣ ትረካም የለውም። 116 ደቂቃ ነው። ለሦስት ሳምንት ፕሮግራም ይህ ይበቃል ወይስ ፋይናል ከት እስክናገኝ እንጠብቅ?

ቀመር፦

የ1992ቱን ነው የያዛችሁት። አትጠብቁ፤ ታሪኩ አንድ ነው፣ ትረካውም ያማረው መጨረሻም የለበትም። ከሚታደኑት አንዷ ዞራ መስታወት እየሰበረች ስትወድቅ በእሷ ፈንታ ሌላ ሰው እንደሆነ ፊቱ ያስታውቃል፤ ያንን ብቻ እለፉት፣ በ2007ቱ ላይ በተዋናይዋ በራሷ ፊት ተተክቷል።